«መሬቱ ይሞርደዋል» የሚሉት ሰበብ

ጋሪ ገና ካልጠፋባቸው ከተሞች በአንዱ፣ ሻሸመኔም ይሁን ሌላ፣ ተራ የሚጠብቅ ባለጋሪ ዘንድ ጠጋ ብሎ «የፈረስህን ኮቴ ለመጨረሻ ጊዜ ያስተካከልከው መቼ ነው?» የሚል ሰው መጀመሪያ የሚያገኘው ሳቅ ነው። መልሱ ከሳቁ በኋላ ይመጣል፦ «ኧረ ወንድሜ፣ ይሄ የሐበሻ ፈረስ ነው፤ መሬቱ ይሞርደዋል!» ገበሬው የሚለውም ይኸው ነው። በበዓል ቀን ፈረሱን አስጊጦ አደባባይ የሚወጣው ፈረሰኛም ከዚህ ብዙ አይርቅም። ቀለብ ይታሰብለታል፣ ኮርቻ ይታደስለታል፣ ቁስሉ ቅባት ይቀባል። ሰኮናው ግን የመሬቱ ድርሻ ነው፤ ሰው አይገባበትም።

አባባሉ ከጫፍ እስከ ጫፍ ውሸት ቢሆን ኖሮ ማስተባበሉ ቀላል በሆነ። ችግሩ እውነት አለበት። የኢትዮጵያ ፈረስ ኮረብታና ድንጋይ የለመደ እንስሳ ነው። ሁለት ሚሊዮን ገደማ ከሚገመተው የአገሪቱ ፈረስ እጅግ የሚበዛው ብረት ሳይመታለት ኖሮ ብረት ሳይመታለት ይሞታል። በሰላሌም፣ በአርሲም፣ በባሌም፣ በአዊ ደጋም ዳገት የሚወጣው በባዶ እግሩ ነው። ስለዚህ እዚህ ያለው ጠብ ከባዶ እግር ጋር አይደለም። ጠቡ «ባዶ እግር ነውና ማንም አይንካው» ከሚለው ድምዳሜ ጋር ነው። ባዶ እግር የሚሄድ ፈረስ ከማንም ይልቅ የባለቤቱን እጅ ይፈልጋል፤ ያ እጅ ደግሞ ሞረድ የያዘ መሆን አለበት።

ባዶ እግር የድሃ ፈረስ ዕጣ ብቻ እንዳልሆነ ለማየት የቶኪዮን ኦሊምፒክ ማስታወስ ይበቃል። በ2013 ዓ.ም ክረምት በተካሄደው የመሰናክል ዝላይ ውድድር ስዊድናዊው ፔደር ፍሬድሪክሰን «ኦል ኢን» በተባለው ፈረሱ በግል የብር፣ በቡድን የወርቅ ሜዳሊያ ሲወስድ የፈረሱ እግር ላይ አንድም ብረት አልነበረም። የቡድን ጓደኛው ሄንሪክ ፎን ኤከርማን የጋለበው «ኪንግ ኤድዋርድ»ም እንደዚሁ ባዶ እግሩን ነው የዘለለው። ታዲያ የዚህን ወሬ ግማሽ ብቻ ሰምቶ «አላልናችሁም!» የሚል አይጠፋም። ሌላው ግማሽ ይኸውና፦ እነዚያ ፈረሶች ለመሬቱ የተተዉ አልነበሩም። ሰኮናቸው በሰው ዓይንና በሰው እጅ ሥር ነበር።

ሰኮና እንደ ሰው ጥፍር ከኬራቲን የተሠራ፣ ጠጉሩ ከሚያልቅበት መስመር ተነስቶ ወደ ታች ሳያቋርጥ የሚያድግ አካል ነው። በወር ከ6 እስከ 10 ሚሊ ሜትር ያህል ያድጋል። ከላይ የበቀለው ሰኮና የፊተኛው ጫፍ ላይ ለመድረስ ከ9 እስከ 12 ወር ይፈጅበታል፤ ተረከዙ አጭር ስለሆነ ግማሹ ጊዜ ይበቃዋል። ዛሬ መሬት የሚነካው የፊት ጫፍ እንግዲህ የአምና ነው። የአምናውን ቀለብ፣ የአምናውን ሕመም፣ የአምናውንም ቸልታ ይዞ ወርዷል። ዕድገቱ ቀን አይመርጥም፤ ፈረሱ ቢሠራም ቢቀመጥም ይቀጥላል። መፋቁ ግን ፈረሱ ምን ያህል እንደሚሄድ፣ በምን ዓይነት መሬት ላይ እንደሚሄድ፣ እግሩንም እንዴት እንደሚጥል ይወስነዋል። ያደገው ልክ የተፋቀውን ያህል የሆነለት ፈረስ ዕድለኛ ነው፤ ዕድል ደግሞ የአያያዝ ስልት አይደለም።

የ«መሬቱ ይሞርደዋል» ጠበቆች ምስክራቸው ሁሌም የዱር ፈረስ ነው። «እሱን ማን ሞርዶለት ያውቃል?» ይላሉ። ምስክር ፍለጋ ባሕር መሻገርም አያስፈልጋቸውም፤ በምሥራቅ ሐረርጌ በቁንዱዶ ተራራ ላይ ያለ ጌታ የኖሩ፣ ቁጥራቸው እጅግ ያነሰ ፈረሶች አሉ። እሺ፣ ምስክሩ ይጠየቅ። አሜሪካዊው ጄሚ ጃክሰን የሚተዳደረው ለፈረስ ብረት በመምታት ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1982 እስከ 1986 ግሬት ቤዚን በሚባለው ደረቅ ምድር የሚኖሩትን የዱር ፈረሶች ተከታትሎ እ.ኤ.አ. በ1992 መጽሐፍ አወጣ፤ ብረቱን ጥሎ የባዶ እግር ጠበቃ ሆነ። ነገር ግን ሞረዱን አልጣለም! የደረሰበት መደምደሚያ የቤት ፈረስ እንደ ዱሩ ስለማይሄድ የዱሩ መሬት የሚሠራውን ሰው በሞረድ ይሥራለት የሚል ነው። የባዶ እግር እንቅስቃሴ የሚባለው ነገር ሁሉ የቆመው በዚህ ላይ ነው፤ እኛ ጋ ሲደርስ ግን «ብረት አያስፈልግም» የሚለው ብቻ ተሰምቶ «ሞርዱ» የሚለው መንገድ ላይ ቀርቷል።

ከጃክሰን በኋላ በአውስትራሊያ የኩዊንስላንድ ዩኒቨርሲቲዎቹ ብራያን ሃምፕሰንና ክሪስ ፖሊት የበረሃ ፈረሶችን አንገት ላይ የጂፒኤስ መሣሪያ አሰሩ። ፈረሶቹ በአማካይ በቀን 16 ኪሎ ሜትር ያህል ይሄዳሉ፤ ከውሃው 55 ኪሎ ሜትር የራቁም ተገኝተዋል። እነዚሁ ተመራማሪዎች የዱር ፈረሶችን ሰኮና እያነሱ ሲመረምሩ ያዩት ደግሞ የዱር አምላኪዎችን የሚያስደስት አልነበረም። ብዙው እግር ጉድለት ነበረበት፤ የሰኮና ውስጥ ብግነት ጠባሳ ያለበትም ጥቂት አልነበረም። ዱር የሚሞርደው ለፈረሱ ምቾት ሲል አይደለም። ያልተመቸው ያነክሳል፣ ያነከሰውም ከመንጋው ይቀራል። ምስክርነቱ ይህ ነው።

አሁን ወደ ሰፈር እንመለስ። ረግረግ ሜዳ ላይ በአሥር ሜትር ገመድ ታስሮ የሚውል የገበሬ ፈረስ በቀን ስንት ይራመዳል? ሣር ላይ፣ እርጥብ አፈር ላይ፣ ችካሉን እየዞረ። ምንም አይሞርደውም። ጥቂት ወራት ሲቆይ የፊት ጫፉ እንደ አሮጌ ነጠላ ጫማ ወደ ፊት ይለጠጣል፤ ሰኮናውን ዙሪያውን የከበበው ግድግዳ ወደ ጎን ይከፈታል፣ ይሰነጠቃል፣ ከዚያም ድንጋይ ላይ አንድ ቀን በትልቁ ይገነጠላል። «አየህ፣ ራሱ ተስተካከለ!» የሚባለው ያን ጊዜ ነው። በተቃራኒው ቀኑን ሙሉ አስፋልት ላይ ጋሪ የሚጎትተው ፈረስ አለ። የእሱ ግድግዳ ያልቅና ክብደቱን የሚሸከመው ግድግዳው የከበበው የሰኮናው ሥር፣ የውስጥ እግሩ፣ ይሆናል፤ ጠጠር ላይ ሲያወጡት አንገቱን እየሰበረ የሚራመደው ለዚህ ነው። ሦስተኛው ደግሞ የገዛ ፋንድያው ላይ ቆሞ የሚያድረው ነው። ሰኮናው ሥር የጠቆረ፣ የሚገማ ፈሳሽ ይቋጥራል። ሦስቱም «መሬቱ ይሞርደዋል» የተባለላቸው ናቸው። ለአንዱ መሬቱ ከሚገባው በታች ሞረደ፣ ለሌላው ከሚገባው በላይ፤ ሦስተኛው ዘንድ ጭራሽ አልደረሰም።

በዚህ ላይ መሬት ሲፍቅ እኩል አይፍቅም። እግሩን ወደ ውስጥ አዙሮ የሚጥል ፈረስ አንዱን ጎን ይጨርስና ሌላውን ያሳድጋል፤ የተዛባው ሰኮና ደግሞ አጣጣሉን ይበልጥ ያዛባዋል። ረዥም የፊት ጫፍ ደግሞ መልክ ማበላሸት ብቻ አይደለም ሥራው። ፈረሱ እግሩን ከመሬት ለማንሳት በዚያ ጫፍ ላይ መገልበጥ አለበት፤ ጫፉ በረዘመ ቁጥር መገልበጫው ይርቃል፣ ከእግሩ ጀርባ ያለው ጅማት በእያንዳንዱ እርምጃ አለልክ ይወጠራል። የሚደናቀፍ ፈረስ «ሰነፍ ነው» ተብሎ አለንጋ የሚቀምሰው ብዙ ጊዜ በዚህ ምክንያት ነው። ባለቤቱ የሰኮናውን ጥፋት ጀርባው ላይ ይቀጣዋል።

መሬቱ ሲያሳፍር የሚወሰደው ሁለተኛ መፍትሔ ብረት ነው። ብረት የራሱ ቦታ አለው፤ ሰኮናው ከሚያድገው በላይ በአስፋልት እያለቀ ለተቸገረ ፈረስ፣ ሙያውን በሚያውቅ እጅ የተመታ ብረት ሊጠቅመው ይችላል። ጭነትን መቀነስና የሥራ ቀንን ማሳጠር መጀመሪያ ቢሞከሩ ግን ይሻላል። ብረት በተመታለት ፈረስ ላይ «መሬቱ ይሞርደዋል» የሚለው ወግ ፈጽሞ አይሠራም። ብረቱ መፋቁን ያቆመዋል፣ ዕድገቱን ግን አያቆመውም። ብረት በለመዱት አገሮች ከ6 እስከ 8 ሳምንት ባለው ጊዜ ውስጥ ወልቆ፣ ሰኮናው ተስተካክሎ፣ እንደገና የሚመታው ለዚህ ነው። እኛ ጋ ብረቱ የሚወልቀው ራሱ ሲወድቅ ነው፤ ያውም የግድግዳውን ቁራጭ ይዞ።

ብረት በሚያመልክ አገርም ቢሆን የጠረጠረ አልጠፋም። እንግሊዛዊው የእንስሳት ሐኪም ብሬሲ ክላርክ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የአንዲትን ባዝራ ሰኮና ቅርጽ በተለያዩ ዓመታት በጄሶ እየቀረጸ አስቀመጠ። ብረት የለበሰው ሰኮና ከዓመት ዓመት እየጠበበ መሄዱን በዓይን የሚታይ ማስረጃ አድርጎ አቀረበ። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ሰኮና ክብደት ሲያርፍበት ከኋላ በኩል ጥቂት ይከፈታል፣ ሲነሳ ይሰበሰባል፤ በሚስማር የተጠረቀ ብረት ይህን እንቅስቃሴ ያንቀዋል። የዘመኑ ሰዎች ክላርክን አልወደዱትም።

ሌላው ክርክር ከሁሉም የረቀቀ ነው፤ የሚመጣውም ከተማሩት ወገን ነው። «ሰኮና የባለሙያ ሥራ ነው፣ ገበሬና ባለጋሪ ሞረድ ከያዙ ፈረሱን ያበላሹታል» ይላል። መልካም፤ ባለሙያው የት አለ? የወረዳ የእንስሳት ክሊኒክ ዋና ጭንቀቱ የቀንድ ከብት በሽታና ክትባት ነው፤ አንድ ሐኪም የአንድን ወረዳ ፈረስ፣ በቅሎና አህያ እግር በየወሩ እያነሳ ሊሞርድ አይችልም። ባለሙያ የለም፣ ባለቤቱም አይንካ ከተባለ፣ ዞሮ ዞሮ የተማረው ሰው የሚሰጠው ምክር የባለጋሪው ያው «መሬቱ ይሞርደዋል» ነው፤ ነጭ ጋዋን ለብሶ መምጣቱ ብቻ ይለያል።

ባለሙያ በሞላበት አገር እንኳ መስመሩ የተሰመረው ሌላ ቦታ ነው። ብሪታንያ እ.ኤ.አ. በ1975 ባወጣችው ሕግ ለፈረስ ብረት መምታትን፣ ሰኮናውንም ለብረት ማዘጋጀትን ለተመዘገቡ ባለሙያዎች ብቻ ፈቀደች፤ ያልተመዘገበ ሰው ቢመታ ወንጀል ነው። ብረት የማይለብስን ፈረስ ሰኮና መሞረድን ግን ሕጉ ለእነሱ ብቻ አልከለለም። ባለቤቱ ያን ማድረግ ይችላል፤ ፈረሱን ካሠቃየ የሚጠየቀው እንደማንኛውም ሰው በእንስሳት ጭካኔ ሕግ ነው። ሚስማር ከሕያው ሥጋ አጠገብ መትከልና የተረፈ ሰኮና በሞረድ መቀነስ አንድ ሥራ እንዳልሆኑ ሕግ አውጪዎቹ ገብቷቸዋል።

«ያበላሹታል» የሚለው ስጋት ውስጥ ያለውን እውነት መካድ አይገባም። ሰኮና የሚበላሸው ግን በሞረድ ሳይሆን በገጀራ፣ በመሮና በማጭድ ነው፤ ይኸውም ለዓመት ተረስቶ ሲረዝም በአንድ ቀን ካልጨረስነው ሲባል። በየሦስትና በየአራት ሳምንቱ የሚሞርድ ሰው ፊት ለፊቱ ያለው ትርፍ ጥቂት ሚሊ ሜትር ብቻ ነው፤ ቢሳሳት የሚሳሳተው በዚያው መጠን ነው። ሞረድ እጅ ያደክማል፣ ዝግ ይላል፣ ለማሰብ ጊዜ ይሰጣል። ለጀማሪ ከዚህ የሚሻል መሣሪያ አልተሠራም።

ሥራው ራሱ ምን እንደሚመስል ቀረብ ብሎ ማየት ከክርክሩ የበለጠ ያስረዳል። ፈረሱ ደልዳላና ደረቅ መሬት ላይ፣ ጥላ ካለ ጥላ ሥር ይቆማል። የሚያውቀው ሰው ገመዱን ይዞ ከራሱ አጠገብ ይቆምለታል፤ ግንድ ላይ አሳጥሮ ማሰር ፈረሱ ሲደነግጥ ለሁሉም አደጋ ነው። የሚሞርደው ሰው ፊቱን ወደ ጭራው አዙሮ ትከሻው ላይ ይጠጋና እጁን ከላይ ጀምሮ እስከ ቁርጭምጭሚቱ ድረስ እየዳሰሰ ያወርዳል። እግሩን ሲያነሳ የፊቱ በሁለት ጉልበት መካከል ይያዛል፣ የኋላው ጭን ላይ ያርፋል። እግር መስጠት ያልለመደ ፈረስ ከሆነ የመጀመሪያው ሰሞን ሥራ ማንሳትና ማውረድ፣ ማንሳትና ማውረድ ብቻ ነው። ሞረዱ ይቆይ።

ቀጥሎ ጽዳት ነው። ጫፉ ባልሾለ ብረት ከተረከዝ ወደ ፊት እየተጎረጎረ ጭቃው፣ ፋንድያውና ጠጠሩ ይወጣል፤ በደረቅ ብሩሽ ይጠረጋል። ያን ጊዜ የሰኮናው ሥር ይነበባል። ዙሪያውን የከበበው ጠንካራ ግድግዳ ነው። መሃል ላይ፣ ሹል ጫፉን ወደ ፊት የቀሰረ፣ ጎማ መሰል ሦስት ማዕዘን አለ። የቀረው ጎድጎድ ያለ የውስጥ እግር ነው። ግድግዳውና የውስጥ እግሩ የሚጋጠሙበት ቀጭን ነጣ ያለ መስመር ጥብቅ መሆን አለበት፤ ሰፍቶ ጠጠር ከቋጠረ ግድግዳው እየተላቀቀ ነው ማለት ነው። በሦስት ማዕዘኑ ግራና ቀኝ ያሉት ጉድጓዶች ይሸተታሉ። አዎ፣ ይሸተታሉ! ጤናማ ሰኮና የፈረስ ሽታ አለው፤ የበሰበሰው የሞተ ነገር ይገማል።

ከዚያ ዋናው ጥያቄ ይመጣል፦ ግድግዳው ከውስጥ እግሩ ጠርዝ በላይ ምን ያህል ወጥቷል? የሚነሳው ያ ትርፍ ነው። ትርፍ ከሌለ ሞረድ አይነሳም፤ የጋሪ ፈረስ ባለቤት ይህን ሕግ በተለይ መያዝ አለበት። ትርፍ ካለ ሞረዱ በጠፍጣፋው ተኝቶ ከተረከዝ ወደ ፊት ይገፋል፣ የግራው ጥቂት፣ የቀኙ ጥቂት፤ መሃል መሃል ላይ ይቆምና ሁለቱ ተረከዞች እኩል መሆናቸው ከበላይ ቁልቁል በዓይን ይለካል። በመጨረሻ እግሩ ወደ ፊት ተስቦ ጉልበት ላይ ያርፍና የግድግዳው የውጭ ጠርዝ ዙሪያውን ሰያፍ ሆኖ ይከበባል። ያልተከበበ ሹል ጠርዝ ድንጋይ ሲያገኝ ይገነጠላል፤ የብዙ ስንጥቅ መነሻ እሱ ነው። የውስጥ እግር አይፋቅም። ሦስት ማዕዘኑም ተንጠልጥሎ የቀረ ቅርፊት ካልሆነ በቀር አይቆረጥም፤ ፈረሱ በጠጠር ላይ የሚራመደው በእነሱ ውፍረት ነው። አውራ ጣት ሲጫን የውስጥ እግሩ ከረገበ ወይም ሮዝ ቀለም ብቅ ካለ ከልክ ታልፏል። ሲያልቅ ፈረሱ ጠንካራ መሬት ላይ ይመራና ጆሮ ይሰጠዋል፤ የአራቱ እግር ድምፅ እኩል መሆን አለበት።

ወጪው? አናጺ እንጨት የሚፍቅበት ትልቅ ሻካራ ሞረድ ለመጀመሪያው ይበቃል። ጽዳቱን ፈረሱን ውሃ የሚያወርደው ልጅ በየቀኑ ሊሠራው ይችላል፤ በክረምት የመበስበስ ዋናው መድኃኒትም እሱና ደረቅ ማደሪያ ናቸው። በጋ ላይ ሰኮናው ሲደርቅ ሞረዱ ይንሸራተታል፤ ፈረሱ ወንዝ ዳር ጥቂት ከቆመ በኋላ ቢሞረድ ይቀላል።

በባዶ እግር ወገን ውስጥም ከልኩ ያለፉ አሉ። ጀርመናዊቷ ሐኪም ሂልትሩድ ሽትራሰር ያስፋፉት አቆራረጥ ተረከዝንና የውስጥ እግርን አብዝቶ ስለሚያነሳ ፈረሶችን ለሕመም ዳርጓል ተብሎ ክፉኛ ተተችቷል። ትችቱ ተገቢ ነው። እዚህ የሚሟገትለት ሞረድ የዚያ ተቃራኒ ነው፦ ጥቂት፣ ቶሎ ቶሎ፣ ትርፉን ብቻ። ሰኮናው የጋለ፣ እግሩ ቁርጭምጭሚት ላይ የደም ምቱ እየጠነከረ የሚመታ፣ ገብስ ጎተራ ገብቶ ጠግቦ በማግሥቱ መራመድ ያቃተው፣ ወይም መግል የቋጠረ ፈረስ የባለቤቱ ሥራ አይደለም፤ በአስቸኳይ ሐኪም ይጠራ። ለዓመታት ተረስቶ የተጣመመ ሰኮናም የመጀመሪያውን ማስተካከያ ከሚያውቅ ሰው ይቀበል፣ ባለቤቱ ከዚያ ይረከብ። አህያ ያለውም ልብ ይበል፤ የአህያ ሰኮና ከፈረስ ይልቅ ጠባብና ቀጥ ያለ ስለሆነ በፈረስ ልክ ማጋደም ስህተት ነው።

ይህ ሁሉ ለምን ያስለፋል የሚል አንባቢ ይኖራል። ብሩክ ከተባለው የጋማ ከብት በጎ አድራጎት ድርጅትና ከብሪስቶል ዩኒቨርሲቲ የተውጣጡ ተመራማሪዎች በአፍጋኒስታን፣ በግብፅ፣ በሕንድ፣ በዮርዳኖስና በፓኪስታን 5 ሺህ ገደማ የሥራ ፈረሶችን፣ በቅሎዎችንና አህዮችን መርምረው እ.ኤ.አ. በ2005 ባወጡት ጥናት ከእንስሳቱ አብዛኞቹ እርምጃቸው ጤናማ አልነበረም። ኢትዮጵያ በዚያ ጥናት የለችም። የኢትዮጵያን የጋሪ ተራ ቆሞ ያየ ሰው ግን በዝርዝሩ ብትገባ ታሻሽለዋለች ብሎ አይከራከርም። ባለጋሪው ከማንም ቀድሞ ያውቀዋል፤ ፈረሱ ባነከሰበት ሳምንት ቤቱ ገቢ የለም።

መሬትን የማመን ሐሳብ ጥንታዊ አባት አለው ከተባለ ግሪካዊው ዜኖፎን ነው። ከ2,300 ዓመት በፊት ስለ ፈረስ አያያዝ ሲጽፍ፣ የፈረስ ጫማ በማይታወቅበት ዘመን፣ ሰኮና የሚጠነክረው በድንጋይ ላይ በመቆም ነው አለ። ከዚያ ግን እጁን አጣጥፎ አልተቀመጠም። ከጋጣው ውጭ አራት አምስት ጋሪ ሙሉ ክብ ድንጋይ፣ እያንዳንዱ ግማሽ ኪሎ ግድም የሚመዝን፣ እንዲደፋና እንዳይበተን በዙሪያው እንዲታጠር፣ ፈረሱም በየቀኑ የተወሰነ ሰዓት እዚያ ላይ እንዲቆም አዘዘ። መሬት ይሞርደዋል ያለው ሰው መሬቱን ራሱ በጋሪ አስጭኖ አመጣ! የእኛ ሰው ከዜኖፎን አባባሉን ብቻ ወስዶ ድንጋዩን ትቷል።

እኛ ፈረስን የማናከብር ሕዝብ አይደለንም። ምኒልክን አባ ዳኘው፣ አሉላን አባ ነጋ፣ ሀብተ ጊዮርጊስን አባ መላ ብለን በፈረስ ስም የምንጠራ፣ ለቤተ መንግሥት ፈረስ ባልደራስ የሾምን ነን። በ1932 ዓ.ም የተመሠረተው የአገው ፈረሰኞች ማኅበር በየዓመቱ ጥር 23 ቀን እንጅባራ ላይ በዓሉን ሲያከብር የሚታየው የፈረስ ጌጥ ዓይን ያጠግባል። ማኅበሩ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ አባላት አሉት። ከሽልማቶቹ አንዱን ለምርጥ ሰኮና ቢያደርገው፣ ዳኞቹም በአደባባይ የፈረሱን እግር እያነሱ ቢያዩ፣ አንድ ሺህ በራሪ ወረቀት የማይሠራውን በአንድ ጥር ይሠራል። ቢሾፍቱ ያለው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅም ተማሪዎቹን ሞረድ አስይዞ ወደ ጋሪ ተራ ቢልክ፣ ፈረሶቹን እንዲሞርዱ ሳይሆን ባለቤቶቹን እንዲያስተምሩ ቢያደርግ፣ ብዙ በጀት የሚጠይቅ ጉዳይ አይደለም።

ይህን እስኪያደርጉ መጠበቅ ግን አያስፈልግም። ፈረስ ያለው አንባቢ ዛሬ ማታ አንድ እግር አንስቶ አጽድቶ ይይ፤ ሞረዱን ለመጀመሪያ ጊዜ ለማንሳት ደግሞ መስከረም ይመቻል፣ ክረምቱ ያለሰለሰው ሰኮና ገና አልደረቀምና።